የጦማሪ መቁጠሪያ ለማን ይታይ?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በቅርቡ በአስተያየት ገጻችሁ ላይ አንድ ጸሐፊ፣ ጦማሪዎች (ብሎገሮች) ሁሉ የድረ ገጻቸውን የጎብኚ ቁጥር ለሕዝብ በሚታይ ቦታ እንዲያወጡ መገደድ አለባቸው ሲሉ አነበብኩ። ጽሑፉ ጥሩ ነው። ተቆጥተው እንደጻፉት ያስታውቃል፤ ቁጣቸውም ከመሬት የተነሳ አይደለም። ምክንያታቸው ሁለት ነው። ቁጥሩን የሚደብቅ ሰው የሚደብቀው ጉድ አለው ይላሉ። ለማስታወቂያ ገንዘቡን የሚያወጣ ነጋዴም ስንት ሰው እንደሚያይለት የማወቅ መብት አለው ይላሉ። ይህን ሁለተኛውን እቀበላለሁ፤ እንዲያውም እሳቸው ከጠየቁት የበለጠ እንዲያሳዩት እፈልጋለሁ። የመጀመሪያው ግን አልተዋጠልኝም። ቁጥሩ ለሚከፍለው ሰው ከነምንጩና ከነዝርዝሩ ይቅረብለት፤ በጦማሩ ግንባር ላይ ለአላፊ አግዳሚው ግን አይለጠፍ ባይ ነኝ።

ማን ነኝና ነው ይህን የምለው? ጎንደር ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ብዙም ሳይርቅ፣ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ። ቤቱ ቀድሞ ኢንተርኔት ካፌ ነበር። ሰው ሁሉ ኢንተርኔቱን በኪሱ ይዞ መዞር ሲጀምር ኮምፒውተሮቹን ሸጬ የፎቶ ኮፒ ማሽን ገዛሁ። ማታ ማታ ደግሞ ስለ ከተማችን እጽፋለሁ፤ ስለ ሰፈር ስሞች፣ ስለ ቅዳሜ ገበያ፣ ጣሊያን ሠርቷቸው ስለሄደ ሕንፃዎች፣ ቀበሌ ሄዶ ጉዳይ ለማስፈጸም ምን ምን ይዞ መገኘት እንደሚያስፈልግ። ጦማሬ ላይ እኔ ብቻ የማየው የጎብኚ መቁጠሪያ አለ፤ አንባቢ የሚያየው ግን የለም። «አፍረህበት ነው?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። እስኪ በዚሁ አጋጣሚ ለእነሱም ልመልስ።

መቁጠሪያ እንዴት እንደሚያድግ ያየሁት ካፌውን በያዝኩበት ዘመን ነው። አንድ ደንበኛ ነበረኝ፤ ጎበዝ ልጅ፣ እጁ የሚጽፍ። ብሎግስፖት በሚባለው የጉግል የጦማር ማስተናገጃ ላይ ጦማር ከፍቶ ግርጌው ላይ፣ የመኪና ኪሎ ሜትር መቁጠሪያ አስመስለው ከሚሠሯቸው አንዱን፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነጭ አኃዝ የሚያዞረውን ለጠፈ። ጠዋት ገና በሩን ስከፍት ከች ይላል። «ጋሼ፣ ኮምፒውተሮቹን እኔ ላብራልዎ» ይለኛል። ያበራልኛል፤ ጠረጴዛውንም ይወለውልልኛል። ከዚያ ደንበኞች ይመጡና ማጉረምረም ይጀምራሉ። ያሁ ሜይሉን ሊያይ የገባ ሰው ብራውዘሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚመጣበት የዚያ ልጅ ጦማር ነው፤ በሁሉም ማሽን ላይ መነሻ ገጽ አድርጎት ሄዷል። ገጹ አናት ላይ ደግሞ ትልቅ የፋሲል ግንብ ፎቶ አለ። የዚያን ጊዜውን ኮኔክሽን የሚያስታውስ ያስታውሰዋል፤ መጀመሪያ የግንቡ ጫፍ ብቅ ይላል፣ ቀጥሎ መስኮቶቹ፣ መሠረቱ እስኪወርድ ድረስ ደንበኛው በደቂቃ ሒሳብ እየከፈለ ይጠብቃል። «ይኼ ግንብ መቼ ነው የሚያልቀው?» ያለኝን ሰው አልረሳውም። ማታ ልጁ ይመጣል፣ ገንዘቡን ከፍሎ ይቀመጣል፣ የሚያየው ግርጌውን ብቻ ነው። ቁጥሩ አድጓል። ካደገው ውስጥ ግን አንድ መስመር ያነበበለት ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

ልጁን ለማማት አይደለም ይህን የማነሳው፤ ማንንም አልዘረፈም። ነገር ግን ጦማሩን የከፈተ ሌላ ሰው ያን አኃዝ ሲያይ «ይህን ሁሉ ሰው የሚያነበው» ብሎ ነው የሚያልፈው። ጸሐፊው «ግልጽነት» ያሉት ይኸው ከሆነ፣ ሐሰት የሌለበት ማታለል ነው የምለው። መቁጠሪያው አልዋሸም፤ ገጹ በእርግጥ ያን ያህል ጊዜ ተከፍቷል።

ሌላው ችግር መቁጠሪያዎች ሁሉ የሚቆጥሩት አንድ ዓይነት ነገር አለመሆኑ ነው። ድሮ «ሂት» ይባል የነበረው ሰርቨሩ፣ ማለትም ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ የተጠየቀውን ፋይል ሁሉ ይደምራል፤ አንድ ገጽ ላይ 10 ፎቶ ካለ፣ አንድ ሰው አንዴ ሲከፍተው ገጹን ጨምሮ 11 ይሆናል። የገጽ ዕይታ የሚባለው ገጹ በተከፈተ ቁጥር አንድ ይጨምራል፤ አምስት ጽሑፍ ያገላበጠ አንድ ሰው አምስት ነው። «ጎብኚ» የሚባለው ሰውን ለመቁጠር የሚሞክር ቢሆንም የሚይዘው ሰውየውን ሳይሆን ስልኩን ወይም ብራውዘሩን ነው፤ ቢሮ በኮምፒውተር ጀምሮኝ ማታ ቤቱ በስልኩ የጨረሰኝ አንባቢ ሁለት ጎብኚ ሆኖ ይመዘገብልኛል። ግርጌው ላይ የለጠፈው አኃዝ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ጽፎ ያስቀመጠ ጦማሪ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ብዙዎቹ መቁጠሪያዎች ደግሞ መነሻ ቁጥሩን ባለቤቱ ራሱ እንዲሞላው ይፈቅዳሉ። ከዜሮ መጀመር የሚያሳፍረው ከ25,000 ይጀምራል፤ ማን ይጠይቀዋል?

ሰው ያልሆነ አንባቢም አለ። የመፈለጊያ ድርጅቶች ገጽ እያሰሱ የሚመዘግቡ ፕሮግራሞች አሏቸው፤ እነሱ እንኳ ሥራቸው ነው። በአንድ ወቅት ግን ብሎግስፖት ለባለቤቱ በሚያሳየው ስታትስቲክስ ላይ ከሩሲያ የአንባቢ ጎርፍ መጣብኝ። የቅዳሜ ገበያ የበርበሬ ተራ ሞስኮ ውስጥ ይህን ያህል ወዳጅ አለው ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ነገሩ ሲጣራ፣ ጦማሪው «ከየት መጡልኝ?» ብሎ ሊንኩን ሲጫን ወደ እነሱ ገጽ እንዲሄድላቸው አጭበርባሪዎች የሚልኩት የውሸት ጉብኝት ነው። የዓለም ጦማሪ ሁሉ ያማረረበት ነገር ነው። ያኔ ጉግል አናሊቲክስ የሚባለው ሌላው የጎብኚ መለኪያ ለዚያው ጦማር፣ ለዚያው ወር የሰጠኝ ቁጥር ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር። እንግዲህ ጸሐፊው ባሉት መሠረት አውጣ ብባል የትኛውን ነው የማወጣው? ትልቁን ባወጣ ማን ይከሰኛል? ትንሹን ባወጣ፣ ትልቁን ያወጣው ጎረቤቴ በልጦኝ ይታያል።

የኛ ሰው ጉድለት ነው እንዳትሉ፣ ትልልቆቹም ያው ናቸው። አሌክሳ የሚባለውን የድረ ገጽ ደረጃ ሰጪ የምታስታውሱት ይመስለኛል፤ ስንቱ የኢትዮጵያ ድረ ገጽ ደረጃውን ግንባሩ ላይ ለጥፎ ሲኩራራ ኖረ! የሚለካው በዋናነት የእሱን መሣሪያ ብራውዘራቸው ላይ የጫኑ ሰዎችን ጉብኝት እያየ ስለነበር፣ እንደኛ ባለ አገር ጥቂት ሰዎች ቢጭኑት ደረጃ ይገለባበጣል። አማዞን በ2014 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ዘጋው፤ የተኩራሩበትም አብሮ ቀረ። ፌስቡክ በ2009 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ ሰዎች ቪዲዮ ላይ የሚቆዩበትን አማካይ ጊዜ አጋንኖ ለማስታወቂያ ከፋዮች ሲያሳይ እንደነበር አምኗል። ከሦስት ሰከንድ በታች ያዩትን ከስሌቱ አውጥቷቸው ነበርና፣ ቶሎ የሚሸሸው ተመልካች ሲወጣ አማካዩ ከፍ ማለቱ አይቀርም። ዩቲዩብ ደግሞ የዕይታ ቁጥር 301 ላይ ሲደርስ እያቆመ ሲያጣራ ለዓመታት ኖሯል፤ የቆመውን ቁጥር እያየን «ተበላሸ እንዴ?» ስንባባል አስታውሳለሁ። ያን ያህል ባለሙያና ያን ያህል ማሽን ይዞ ማጣራት ካስፈለገው፣ ግርጌ ላይ የተለጠፈች አንዲት አኃዝ ምን ትነግረናለች?

ወደ አገራችን ስመጣ ነገሩ ይብሳል፤ ጸሐፊው ጨርሶ ያልነኩት ይህን ነው። ብሎግስፖት ከ1998 ዓ.ም. ግንቦት ጀምሮ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት ለዓመታት ኖሯል። በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ከ200 በላይ ድረ ገጾች እገዳው ተነስቶላቸው እፎይ እስኪባል ድረስ በተዘጋ ቁጥር የሚያነበን ሰው በቪፒኤን ወይም በፕሮክሲ፣ ማለትም የታገደን ገጽ በሌላ አገር ኮምፒውተር አዙረው በሚያስከፍቱ መሣሪያዎች፣ ነበር የሚገባው። በቪፒኤን የገባ ሰው ደግሞ የሚቆጠረው ቪፒኤኑ ባለበት አገር ነው። እዚሁ ጎንደር፣ አዘዞ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚያነበኝ ሰው አምስተርዳም ሆኖ ይመዘገባል። ዛሬም ቢሆን ማኅበራዊ ሚዲያ በተዘጋ ቁጥር ቪፒኤን የለመደው ወጣት ከፍቶት ይረሳዋል። ያለ ቪፒኤን የገባውም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ «አዲስ አበባ» ነው የሚባለው፤ የኢትዮ ቴሌኮም የኢንተርኔት አድራሻዎች (አይፒ የሚባሉት) በአብዛኛው እዚያ ተብለው ስለሚታወቁ። ብዙ የሞባይል ተጠቃሚ አንድ አድራሻ ስለሚጋራ፣ በአድራሻ የሚቆጥር መቁጠሪያ ደግሞ ብዙውን ሰው አንድ ያደርገዋል። ካርታ የሚያሳየውን መቁጠሪያ ለጥፌው ቢሆን ኖሮ፣ ጎንደር ላይ ስለ ጎንደር የምጽፈውን ጎንደሬ እንደማያነበኝ በገዛ ገጼ መስክሬ ነበር።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አንባቢ ያውቃል። የዚያን ዘመን ግራፌ እዚህ አለ። መስመሩ እንደ ወትሮው ሲሄድ ቆይቶ ገደል ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ መሬት ለመሬት ይሄዳል። የቀሩት አንባቢዎቼ ከክልሉ ውጪና ባሕር ማዶ ያሉት፣ እዚህም መደበኛ መስመርና ዋይፋይ የሚያገኙ ጥቂቶች ናቸው። ግራፉን ያለ ታሪኩ የሚያይ የአዲስ አበባ ማስታወቂያ አስነጋሪ ምን ይላል? «ሰው ተወው» ይላል። ሰው አልተወኝም፤ መንገድ ተዘጋበት እንጂ። ሱቅ ድረስ መጥተው «ያቺን ስለ ልደት ምስክር ወረቀት የጻፍካትን አትምልኝ» የሚሉኝ የበዙት ያኔ ነው።

እሷ ነገር ራሷን የቻለች ማስረጃ ናት። የጠፋ ማስረጃ በምትኩ ለማውጣት ምን ምን እንደሚጠየቅ፣ የትኛው መስኮት ጋ እንደሚጀመር፣ ምስክር የሚያስፈልገው መቼ እንደሆነ የጻፍኩት አንድ ገጽ ነው። አንድ ደንበኛ አሳትሞ ወሰዳትና የሆነ ግቢ አጥር ላይ ለጠፋት፤ ከአጥሩ ላይ በስልኩ ፎቶ ያነሳ ሌላው ደግሞ በቴሌግራም ላከው፤ ዞሮ ዞሮ ለኔው ለፎቶ ኮፒ መጣልኝ፤ ጫፉ ላይ ሚስማሩ የበሳው ቀዳዳ ሁሉ ይታያል። መቁጠሪያዬ ለዚህ ሁሉ ጉዞ የመዘገበልኝ አንድ ነው። የጋዜጣ ሰው ስለሆናችሁ ይህ ለእናንተ አዲስ አይደለም። አራት ኪሎ ጋዜጣ እየተከራየ ያነበበ ትውልድ አለ፤ እዚህም አንድ ቅጂ ቡና ቤት ከገባ ገጽ በገጽ ተከፋፍሎ ሲዞር ይውላል። በነገራችን ላይ፣ ጸሐፊው ጦማሪዎች ቁጥራቸውን ያውጡ ያሉበት ያው ገጽ ላይ ጋዜጣችሁ ስንት ቅጂ እንደሚታተም ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ለክፋት አይደለም፤ ደንቡ ሲወጣ ለሁላችን ይውጣ ለማለት ነው።

አሁን ደግሞ የተለጠፈ ቁጥር ሰውን ምን እንደሚያደርገው። ያ ኮምፒውተሮቹን ያበራልኝ የነበረው ልጅ መጀመሪያ ሲጽፍ ስለ ፒያሳ ሕንፃዎች ነበር፤ ሲኒማ ቤቱን፣ ፖስታ ቤቱን፣ በረንዳዎቹን ሽማግሌ እየጠየቀ። ጽሑፎቹ ይነበባሉ፤ ዛሬ እንኳ ባገኛቸው ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ስለ አንድ ዘፋኝ ትዳር የሰማውን ወሬ ጻፈ። ሰሌዳው ዘለለ። በማግስቱ ሌላ ወሬ፣ በሳልስቱ ሌላ። ፖስታ ቤቱ ቀረ። ማንም አላስገደደውም፤ ራሱ የለጠፈው አኃዝ ነው እየመራ የወሰደው። «ጋሼ፣ ሰው የሚፈልገው ይህንን ነው» አለኝ ስጠይቀው። እኔ ደግሞ ሰው የፈለገውን ሳይሆን መቁጠሪያው የፈለገውን ነው ያየሁት፤ ስለ ፖስታ ቤቱ ያነበበው ሰው ዝም ብሎ አነበበና ሄደ፣ ወሬውን ያየው ግን ባለ ትዳሮቹ ታርቀው እንደሆነ ለማየት በየሰዓቱ ተመለሰ። መቁጠሪያው ለመመለስ ይጨምራል፤ ለመርካት አይጨምርም።

እኔም ከዚህ ፈተና ነጻ አይደለሁም። ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር 11 ድረስ የኔ ግራፍ ተራራ ይሆናል፤ ሁሉም የሚመጣው ስለ ፋሲለደስ መዋኛና ስለ ጥምቀት ከብዙ ዘመን በፊት ወደጻፍኩት አንድ ገጽ ነው፤ በዓሉን ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. ከመዘገበው ወዲህማ ባሰበት። ታቦታቱ ስንት ሰዓት እንደሚወጡ፣ በየት በኩል ቢቆሙ እንደሚታይ፣ መኪና የት እንደሚቆም ይፈልጋሉ፤ ያገኛሉ፤ ይሄዳሉ። ጥር 13 ላይ ሜዳው ባዶ ነው። ይህን ግራፍ ግንባሬ ላይ ለጥፌ ብኖር ዓመቱን ሙሉ ስለ ጥምቀት ብቻ የምጽፍ ሰው እሆን ነበር። አሁን ግን ጓዳዬ ውስጥ ስለሆነ አየዋለሁ፣ የጥምቀቱን ገጽ ሰዓቱንና መንገዱን አስተካክላለሁ፣ ከዚያ ወደ በርበሬ ተራዬ እመለሳለሁ።

አንባቢም ቢሆን ቁጥር ያሸንፈዋል። ሰው የሞላበት ሥጋ ቤት ሲያይ ገብቶ እንደሚቆመው ሁሉ፣ 200,000 የሚል ጦማር ጠቢብ፣ 300 የሚል ሞኝ ይመስለዋል። ገና መጻፍ የጀመረች የዩኒቨርሲቲያችን ተማሪ ስለ ነርስነት ልምምዷ የጻፈችውን ለመፍረድ ጽሑፏ ይበቃ ነበር። ከአጠገቡ «47» የሚል ሲለጠፍበት ግን ሳያነቡ ይፈርዱባታል፤ እሷም በራሷ ትፈርዳለች። ጉብዝናቸውን የማውቀው ስንቶቹ ናቸው በዚህ ምክንያት የተዉት!

የመጨረሻው ፍርሃቴ አንባቢውን የሚመለከት ነው። አንዳንድ መቁጠሪያ ቁጥር ብቻ አይደለም የሚያወጣው፤ አሁን ከየት ከተማ ምን ጽሑፍ እየተነበበ እንደሆነ፣ ባለ መስመሩ ተቋም ከሆነም የተቋሙን ስም ጭምር ከጎን እያሸከረከረ ያሳያል። እንዲህ ያለው ጌጥ ፋሽን የነበረበት ዘመን ነበር። አዲስ አበባ ከሆነ «አንድ አንባቢ ከአዲስ አበባ» ማለት ማንንም አይጠቁምም። የራሱ መስመር ባለው ትንሽ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሦስት ሰው ብቻ ኮምፒውተር ላይ በሚቀመጥበት ሰዓት ሲሆን ግን ማን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። ያነበበው ስለ ምግብ አሠራር ከሆነ ግድ የለም። ስለ አለቃው ከሆነስ? አንባቢዬ እኔን አምኖ ሲገባ በሬ ላይ ስሙን የሚጠራ ለፋፊ ማቆም አልፈልግም። አገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አውጥታለችና፣ ይህን ነገር አሁን ልብ ማለት ይበጃል።

እስከዚህ ያልኩት ሁሉ ጸሐፊው ለተቆጡበት ነገር መልስ አይሆንም፤ አውቃለሁ። እሳቸውን ያስቆጣቸው ነጋዴው መታለሉ ነው። እውነት ነው፣ ይታለላል። ፔንሲዮን ያላት አንዲት የከተማችን ሴት በአንድ ወቅት ሱቄ መጣች። ከዚያ በፊት ለአንድ የማስታወቂያ ገጽ ባለቤት ከፍላ ነበር፤ ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ያሳያት ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ነው። አንድ እንግዳ አልመጣላትም። ስልኳን ዘርግታ የዚያን ቁጥር ስክሪንሾት አሳየችኝና «አንተስ ስንት አለህ?» አለችኝ።

«ተቀመጪ» አልኳትና ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞርኩት። የባለፈውን ወር አወጣሁላት። ምን ያህሉ ከኢትዮጵያ፣ ምን ያህሉ ከውጭ ተብሎ እንደተመዘገበ፣ ለምን አምስተርዳም እንደበዛ፣ ከጉግል ፈልጎ የመጣው ስንቱ፣ ከቴሌግራም ሊንክ ተጭኖ የመጣው ስንቱ እንደሆነ፣ ገብተው ወዲያው የሚወጡት የትኛው ገጽ ላይ እንደሚበዙ። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ በዝምታ አየችው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«ከነዚህ ውስጥ ጎንደር መጥቶ የሚያድረው ስንቱ ነው?»

ይህን የሚናገር መቁጠሪያ የለም አልኳት። ተነስታ ትሄዳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ካሰበች በኋላ «እንግዲያውስ እኔው እቆጥረዋለሁ» አለች። ሌላ ሲም ካርድ አወጣች፤ ቁጥሩን ለማንም አልሰጠችም፤ በእኔ ጦማር በወጣው ማስታወቂያ ላይ ብቻ ነው የተጻፈው። አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ ውስጥ አስገብታ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው፤ በዚያ ስልክ ላይ በተደወለ ቁጥር ልጇ ደብተር ላይ አንድ ጭረት ታሰምራለች፤ ደዋዩ መጥቶ ካደረ ጭረቱ ይከበባል። በጥር ወር ደብተሩን ይዛልኝ መጣች። የተከበቡት ብዙ አልነበሩም፤ ግን የከፈለችኝን ይሸፍናሉ፣ ትንሽም ይተርፋቸዋል፤ ውላችንን አደሰች። መጋቢት ላይ ደግሞ የተከበበ ስለጠፋ «እስከ ክረምቱ መውጫ አውርደው» ብላኝ አወረድኩት። ከጦማር ንግድ ጋር በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ያየሁት ከሁሉ የሚታመን ስታትስቲክስ ያ ባለ መስመር ደብተር ነው።

ስለዚህ ለጸሐፊው ያለኝ አማራጭ ሐሳብ ይህ ነው። ማስታወቂያ የሚቀበል ጦማሪ ሁሉ፣ ከፋዩ ሲጠይቀው ስክሪንሾት ሳይሆን ራሱን መሣሪያውን ከፍቶ ያሳየው፤ ለምሳሌ በጉግል አናሊቲክስ፣ ምንም ሳይነካ ማየት ብቻ የሚችልበትን ፈቃድ ለሌላ ሰው መስጠት ይቻላል፣ ገንዘብም አይጠይቅም። የገጽ ዕይታ ነው ወይስ ጎብኚ፣ የስንት ወር ነው፣ ጥምቀት አለበት ወይስ የለበትም፣ ኢንተርኔት የተቋረጠበት ጊዜ የትኛው ነው፣ ተጽፎ ይሰጠው። ይህን እምቢ የሚል ጦማሪ ካለ ጸሐፊው እንዳሉት ጉድ አለው፤ ነጋዴውም ገንዘቡን ይዞ ይሂድ። የማስታወቂያ አዋጁ 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ቁጥር አጋንኖ ማስታወቂያ መሸጥም በዚያው ዓይን ቢታይ ደስ ይለኛል። ማስታወቂያ የማይቀበል፣ ለፍቅሩ የሚጽፍ ሰው ግን ስንት ሰው ቤቱ እንደገባ ለመንገደኛ የመናገር ዕዳ የለበትም።

ቴሌግራምስ? የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ቻናል ላይ በየጽሑፉ ሥር ከዓይን ምልክት ጋር ቁጥሩ ይታያል፤ ባለቤቱ ቢፈልግም ባይፈልግም። ይህን የወሰነው ድርጅቱ እንጂ እኛ አይደለንም። ጽሑፉ በስክሪኑ ላይ ካለፈ ተቆጠረ፤ ይነበብ አይነበብ አይታወቅም። ያ ዓይን ባይኖር እመርጥ ነበር፤ አባልና ዕይታ በሺህ ሒሳብ የሚሸጡ ነጋዴዎች የተፈጠሩትም ዓይኑ ስላለ ነው። ዩቲዩብ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የ«አልወደድኩትም»ን ቁጥር ከሕዝብ ዕይታ አንስቶ ለባለቤቱ ብቻ ሲያስቀር ብዙ ሰው ጮኋል። እኔ በዚያኛው እንኳ ከጯሂዎቹ ጋር ነበርኩ፤ የተበላሸ ዕቃ አጠጋገን የሚያሳይ ቪዲዮ ውሸት መሆኑን አስቀድሞ ይነግረኝ ነበርና። ስለዚህ ቁጥር ሁሉ ይደበቅ የምል ሰው አይደለሁም። አንባቢውን ከጉዳት የሚያድነው ይታይ፤ ጸሐፊውን የሚያሳብጠው ወይም የሚያኮስሰው ጓዳ ይቀመጥ።

ጸሐፊው ወደ ጎንደር ብቅ ካሉ የኔን ከነጥር ተራራውና ከነ2015 ገደሉ ላሳያቸው ዝግጁ ነኝ፤ ለሌላውም ቢሆን እንዲሁ። ሱቁ ከእሑድ በቀር ክፍት ነው፤ መብራት ካለ።

አንባቢያችሁ፣
ከጎንደር ፒያሳ